የኑዋር መርማሪ ጌሞች እንዴት ነው የሚሰሩት? ፍንጩ እንደገባችሁስ ጌሙ በምን ያውቃል?

መርማሪ ጌም የሚጫወት ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ቶሎ ነው የሚሰለቸው። ስክሪኑ ላይ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰውዬ በዝናብ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ አንድ ክፍል ይገባል፣ የሲጋራ መተርኮሻው ላይ ክሊክ ይደረጋል፣ ሶስት መስመር ጽሑፍ ይመጣል፣ ይነበባል፣ ከዛ ወደ መስኮቱ። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ፣ ነጥብ የለ። «ታዲያ ምኑ ነው ጌሙ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ተጫዋቹ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳም፣ አጠገቡ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ፣ ወረቀቱ ላይ የሰው ስሞች በቀስት ተያይዘዋል፣ አንዱ ስም ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ዋናው ጨዋታ ያለው እዛ ወረቀት ላይ ነው። ይሄ ነገር በደንብ ስለማይብራራ ብዙ ሰው አንዱን ጀምሮ ግማሽ ላይ ይተወዋል፣ እኔ ደሞ በጣም የምወደው ዓይነት ጌም ስለሆነ ያሳዝነኛል፣ ስለዚህ ከስሙ ልጀምርና አሰራሩን እስከ ውስጡ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኑዋር» ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ ጥቁር ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፊልሞች ፈረንሳይ አይገቡም ነበር፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የተጠራቀሙት በአንድ ጊዜ ፓሪስ ገቡና በ1946 ኒኖ ፍራንክ የሚባል ሃያሲ ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ ከወትሮው የጨለሙ መሆናቸውን አይቶ «ፊልም ኑዋር» አላቸው። ታሪኮቹ የተወለዱት በ1920ዎቹና በ30ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ ይሸጡ ከነበሩ የወንጀል መጽሔቶች ነው። መብራቱ ደሞ ከጀርመን ነው የመጣው፣ ከናዚ ሸሽተው ሆሊውድ የገቡ ዳይሬክተሮችና ካሜራማኖች ይዘውት የሄዱት አሰራር ነው፣ አንድ አምፖል ብቻ፣ ግድግዳ ላይ ከሰውየው የሚበልጥ ጥላ፣ በመስኮት መከለያ ቀዳዳ እየሾለከ ፊት ላይ መስመር መስመር እየሰራ የሚያርፍ ብርሃን።

ግን ኑዋርን ኑዋር የሚያደርገው ካፖርቱና ዝናቡ ብቻ አይደለም። በድሮው የመርማሪ ታሪክ ወንጀሉ የተስተካከለ ዓለም ላይ የወደቀ ቆሻሻ ነው፣ መርማሪው ገዳዩን ሲይዝ ቆሻሻው ይጠረግና ዓለም ወደ ቦታው ይመለሳል። በኑዋር ግን ከተማው ከመጀመሪያውም የበሰበሰ ነው፣ ሀብታሙና ፖሊሱ ይተዋወቃሉ፣ መርማሪው ራሱ እዳ አለበት፣ ይጠጣል፣ የሚደብቀው ነገር አለው፣ አንዳንዴ የቀጠረው ሰው ራሱ ነው ወንጀለኛው። ገዳዩ ቢታወቅም ከተማው እንደነበረ ይቀጥላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ጌሞቹ ላይ ትልቅ ቦታ አላት።

አድቬንቸር ጌምስ?

መርማሪ ጌሞች አድቬንቸር ከሚባለው የጌም ዓይነት ናቸው። ስሙ ግን ያሳስታል፣ አድቬንቸር ሲባል ተራራ መውጣት ዘንዶ መግደል ምናምን ይመስላል። ስሙ የመጣው ከአንድ ጌም ነው። በ1976 ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ዋሻ ውስጥ የሚያስገባ በጽሑፍ ብቻ የሚሰራ ጌም ጻፈ፣ በዓመቱ ዶን ዉድስ አሰፋው። ምስል የለውም፣ ኮምፒውተሩ «እንዲህ ያለ ቦታ ቆመሃል» ይላል፣ ተጫዋቹ «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሳ» ብሎ ይጽፋል። ከዛ ወዲህ እያዩ፣ እያነሱ፣ እያወሩ፣ እያሰቡ የሚያልፉት ጌም ሁሉ አድቬንቸር ተባለ። ጣት ፈጣን መሆን አይጠበቅበትም።

በ1982 ኢንፎኮም የተባለው ድርጅት «ዴድላይን» የሚል የግድያ ምርመራ አወጣ። ጊዜያችሁ በጌሙ ሰዓት 12 ሰዓት ብቻ ነው፣ እናንተ ብትሄዱም ባትሄዱም ሰዎቹ ቤቱ ውስጥ የራሳቸውን ኑሮ ይኖራሉ፣ ስልክ ይደወላል፣ ካልነበራችሁ አመለጣችሁ። በጊዜው ዲስክ ላይ የሚገባው ጽሑፍ በጣም ትንሽ ስለነበር የምስክሮቹን ቃልና የላቦራቶሪውን ውጤት በወረቀት አትመው ሳጥኑ ውስጥ ከዲስኩ ጋር ከተቱት። ተጫዋቹ እውነተኛ የምርመራ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር የሚጫወተው ማለት ነው፣ የቦታ እጥረት የፈጠረው መላ ነው፣ ግን እስከዛሬ ከዛ የተሻለ ሀሳብ ብዙም ያየሁ አይመስለኝም።

በ1985 ደሞ «ዴዣ ቩ» በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ መጣ፣ በማውስ እያሳዩ ክሊክ ማድረግ። ሰውየው ሽንት ቤት ውስጥ ይነቃል፣ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ካፖርቱ ተንጠልጥሏል። ያኔ የነበረው የማኪንቶሽ ስክሪን 512 በ342 ነጥብ ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፣ ግራጫ እንኳን የለውም።

ኑዋርና አድቬንቸር ጌም ለምን እንዲህ ተስማሙ?

አንዱ ምክንያት እዛች ሽንት ቤት ውስጥ አለ። ተጫዋቹ ጌሙን ሲከፍት ስለዛ ዓለም ምንም አያውቅም፣ ዋናው ገጸ ባህሪ ግን እዛው የኖረ ሰው ነው፣ ሁሉንም ማወቅ አለበት፣ ይሄ ክፍተት ያስቸግራል። ሰውየው የት እንዳለ፣ ስሙ ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠላው የማያውቅ ከሆነ ግን ክፍተቱ ይጠፋል፣ እሱም እናንተም እኩል ባዶ ናችሁ። የማስታወስ ችሎታውን ያጣ መርማሪ እስኪሰለች የተደጋገመው ደራሲዎቹ ሀሳብ ስላለቀባቸው አይመስለኝም፣ ችግሩን በትክክል ስለሚፈታ ነው።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። በኑዋር ፊልም መርማሪው ከጀርባ ሆኖ በራሱ ድምፅ ይተርካል። በአድቬንቸር ጌም ደሞ አንድ እቃ ላይ ክሊክ ስታደርጉ ገጸ ባህሪው ስለ እቃው የሆነ ነገር ማለት አለበት። ሁለቱ አንድ ናቸው እኮ! መተርኮሻው ላይ ክሊክ ስታደርጉ «ሁለት ቁራጭ፣ አንዱ ላይ ሊፕስቲክ አለ፣ ሲጋራ ካቆምኩ ሶስት ቀኔ ነው» ቢል በአንድ ዓረፍተ ነገር ፍንጭም ሰጠ፣ ስለራሱም ነገራችሁ። ጎበዝ ጸሐፊ ያለበትን ጌም የምትለዩት በዚህ ነው፣ ከምርመራው ጋር ምንም የማይገናኘው ወንበር ላይ ክሊክ ስታደርጉ ሰውየው ምን ይላል? «ወንበር ነው» ካለ ጌሙ ደክሟል።

ሌላው ጨለማው ነው፣ የማይታየውን ቦታ መሳል አያስፈልግም። በደካማ ኮምፒውተር ትንሽ ብርሃንና ብዙ ጥላ ርካሽም ነው፣ ያምራልም።

ጌሙ ነገሩ እንደገባኝ በምን ያውቃል?

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። በተኩስ ጌም ኢላማውን መታችሁ ወይ ሳታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ይለካዋል። ማሰብን ግን እንዴት ይለካል? ምሳሌ ልፍጠር።

አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ዝናቡ ሲወርድ አምሽቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው ያባራው» ይላል። ጎረቤትየው «3 ሰዓት ላይ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ፣ መስኮቱ ተከፍቶ አይቻለሁ» ይላል። እናንተ ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ መስኮቱ ስር ያለውን ምንጣፍ ነካችሁ። ደረቅ ነው።

ጌሙ ምንጣፉ መድረቁን ነገራችሁ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልነገራችሁም። መስኮቱ 3 ሰዓት ላይ ክፍት ቢሆን ዝናቡ ምንጣፉን ያረጥበው ነበር፣ ስለዚህ ጎረቤትየው እየዋሸ ነው። ይሄ ሀሳብ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ብልጭ ያለበት ቅጽበት ነው የዚህ ዓይነት ጌም ሙሉ ደስታ፣ ሌላው ሁሉ ለዛች ቅጽበት የሚደረግ ዝግጅት ነው። ችግሩ ብልጭታዋን ኮምፒውተሩ አያያትም። እናንተ የምትሰጡት ክሊክ ነው፣ ክሊክ ደሞ በእውቀትም በግምትም አንድ ዓይነት ነው። የዚህ ዘውግ የአርባ ዓመት ታሪክ በአብዛኛው ይቺን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ሙከራ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በጣም ቀላሉ መንገድ ጌሙ ራሱ ማሰቡ ነው። ምንጣፉን ስትነኩ መርማሪው «ደረቅ! ጎረቤትየው ዋሽቷል ማለት ነው» ብሎ ይጮሃል፣ አዲስ ጥያቄ ይከፈትላችኋል። ታሪኩ አይቆምም፣ ግን ብልጭታዋን ነጠቃችሁ። ብዙ ሰው «መርማሪ ጌም አሰልቺ ነው» ሲል የተጫወተው ይሄኛውን ዓይነት ነው፣ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው መንገድ ምርጫ ሰጥቶ ማስረጃ መጠየቅ ነው። በ2011 የወጣው «ኤል ኤ ኑዋር» በ1947ቷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊስ ያደርጋችኋል። የተዋንያኑን ፊት በ32 ካሜራ ቀርጸው ነው ጌሙ ውስጥ ያስገቡት፣ ምስክሩ ሲዋሽ ዓይኑ ሲሸሽ፣ ምራቁን ሲውጥ ታያላችሁ። ለእያንዳንዱ መልስ እውነት፣ ጥርጣሬ ወይም ውሸት ብላችሁ ትመርጣላችሁ፣ ውሸት ካላችሁ የሚያጋልጠውን ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው። የኛን ጎረቤት «ውሸት» ብላችሁ ደረቁን ምንጣፍ ማሳየት ማለት ነው። አሪፍ ነው፣ ግን አንድ ነገር ተበላሸ፦ «ጥርጣሬ» የሚለውን ስትጫኑ ቀስ ብሎ ይጠይቃል ስትሉ መርማሪው ድንገት አንዲት አሮጊት ምስክር ላይ ይጮህባታል። ሀሳባችሁና የተጫናችሁት በተን አልተገናኙም። በ2017 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ የበተኖቹን ስም ለወጡት፣ ደግ ፖሊስ፣ ክፉ ፖሊስ፣ ክሰስ የሚል ሆነ። የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው፣ ግን አሁን የምትጫኑት ነገር ምን እንደሚያደርግ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ሶስተኛው መንገድ ምርጫ የሚባለውን ነገር ከነአካቴው ማጥፋት ነው። በ2015 ሳም ባርሎው የሰራው «ኸር ስቶሪ» የሚሰጣችሁ አንድ ያረጀ የፖሊስ ኮምፒውተርና መፈለጊያ ሳጥን ነው፣ በ1994 ፖሊስ የጠየቃት ሴት ቪዲዮ በአጫጭር ቁርጥራጭ ተከፋፍሎ ውስጡ አለ። ቃል ትጽፋላችሁ፣ ያ ቃል የተነገረባቸው ቁርጥራጮች ይመጣሉ፣ ግን የምታዩት የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ ለመግባት ትክክለኛውን ቃል ማሰብ አለባችሁ፣ አንድ ስም ሰምታችሁ ያንን ስም ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ሌላ በር። ዝርዝር ስለሌለ ገምቶ ማለፍ አይቻልም፣ መጻፍ የምትችሉት ያሰባችሁትን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ማነው ብሎ ፈተና አያወጣባችሁም፣ ነገሩ ገብቷችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል በቃ።

እና ደሞ «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» አለ፣ የ2018። ኑዋር አይደለም፣ የመርከብ ታሪክ ነው፣ ግን ግምትን ያሸነፈበት መንገድ ሳይነገር አይታለፍም። በመርከቡ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች ማን እንደሆኑና ምን እንዳገኛቸው መዝገብ ላይ ትሞላላችሁ። ጌሙ ትክክል ናችሁ የሚላችሁ ሶስት ሰው ሙሉ በሙሉ በትክክል ስትሞሉ ብቻ ነው። አንዱን ብትገምቱ ሊሳካ ይችላል፣ ሶስቱን በአንዴ ለመገመት ግን ምርጫው በጣም ይበዛል፣ ማሰብ ከመገመት ይልቅ ይቀላል። ይሄን ያሰበው ሰው ሉካስ ፖፕ ነው፣ ጌሙንም የሰራው እሱ ነው። በ2022 የወጣው «ዘ ኬዝ ኦፍ ዘ ጎልደን አይዶል» ደሞ ከቦታው ቃላት ሰብስባችሁ ክፍት ቦታ ሙሉ ይላችኋል፣ «እገሌ እገሌን በእንትን ገደለው፣ ምክንያቱም...» እያላችሁ፣ ልክ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና፣ ግን ደም ያለበት።

ያሰብኩት ትክክል ሆኖ ጌሙ ካልተቀበለኝስ?

ይሄ ይደርሳል፣ በጣም ያናድዳል። ወደ ምንጣፋችን እንመለስ። እኔ ጎረቤትየው ዋሸ ብያለሁ። እናንተ ግን «ንፋሱ ከሌላ አቅጣጫ ከሆነስ? ዝናቡ በዛ መስኮት ባይገባስ?» ልትሉ ትችላላችሁ፣ ወይ ደሞ ምንጣፉ የተቀየረ ነው፣ ወይ የሚዋሸው ዘበኛው ነው። አራቱም ሀሳብ ያስኬዳል። ጌሙ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ከሆነና ሌሎቹን ያልዘጋ ከሆነ ጥፋቱ የናንተ አይደለም።

ጥሩ ጌም ሌሎቹን በሮች ቀድሞ በጸጥታ ይዘጋቸዋል። በዛው ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል የተለጠፈው ማስታወቂያ በዝናብ ርሶ ተልጦ ታዩታላችሁ፣ ስለዚህ ንፋሱ ወደዛ ነበር። ምንጣፉ ላይ የጠረጴዛው እግር የዓመታት ጉድጓድ ሰርቷል፣ ስለዚህ አልተቀየረም። ሌላ ምስክር በሌላ ወሬ መሀል «4 ሰዓት ላይ ዣንጥላዬን አጠፍኩ» ይላል፣ ስለዚህ ዘበኛው እውነቱን ነው። አንዱም «ፍንጭ» ተብሎ አልተሰመረበትም። መርማሪ ጌም መስራት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው፣ ትክክለኛውን መልስ ማስቀመጥ ቀላል ነው፣ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ማምከን ግን የወራት ስራ ነው።

ዳይስስ ምን ሊሰራ መጣ?

በ2019 ከኢስቶኒያ የተነሳ ቡድን ያወጣው «ዲስኮ ኢሊዝየም» ጥያቄውን ራሱን ገለበጠው። እዚህ የሚፈተነው የናንተ ጭንቅላት ብቻ አይደለም፣ የመርማሪውም ጭንቅላት ነው። ሰውየው 24 ችሎታዎች አሉት፣ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ያወራዋል፣ አመክንዮው አንድ ነገር ይላል፣ ፍርሃቱ ሌላ፣ የመጠጥ አምሮቱ ሌላ። ከባድ ነገር ስትሞክሩ ሁለት ዳይስ፣ ማለትም ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ያለባቸው የመጫወቻ ኪዩቦች፣ ይወረወራል፣ የወጣው ቁጥር ከችሎታው ጋር ተደምሮ ይታያል። ሁለቱም ስድስት ከሆነ ሁሌም ይሳካል፣ ሁለቱም አንድ ከሆነ ሁሌም ይከሽፋል። ነጭ የተባለው ሙከራ ችሎታችሁን ስታሳድጉ ይደገማል፣ ቀዩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ይሄን በደንብ ያሳያል። ሰውየው ሲጠጣ አድሮ በተመሰቃቀለ የሆቴል ክፍል ውስጥ ይነቃል፣ ክራቫቱ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረው ፋን ላይ ተንጠልጥሏል። ላውርደው ብላችሁ ዳይስ ትወረውራላችሁ። ጤናው በጣም ደካማ የሆነ መርማሪ ሰርታችሁ ከሆነ በዚህች ክራቫት ምክንያት ልቡ ቆሞ ከክፍሉ ሳትወጡ ጌሙ ሊያልቅ ይችላል። ተጫዋቹ ይደነግጣል፣ ግን ሰውየው ምን ያህል እንደተጎዳ ከማንኛውም ትረካ በላይ ገባው። ከዛ በኋላ መክሸፍ ብዙ ጊዜ አይቀጣችሁም፣ ሌላ መንገድ ይከፍታል፣ እንዲያውም ካልከሸፋችሁ የማትሰሟቸው ምርጥ ንግግሮች አሉ። እኔ መጀመሪያ ስጫወት በከሸፈ ቁጥር ወደ ኋላ እየተመለስኩ ሎድ አደርግ ነበር፣ ያንን ስተው ነው ጌሙ በደንብ የተከፈተልኝ።

ንጹህ ሰው ባስርስ?

አንዳንዱ ጌም «ተሳስተሃል» ብሎ ይመልሳችኋል። አንዳንዱ ግን ዝም ይላል፣ ያዙልኝ ያልኳችሁ የኑዋር ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ከተማው እንደነበረ ይቀጥላል። በ2018 የወጣው «ላምፕላይት ሲቲ» የተሳሳተ ሰው ብትከሱም፣ ጉዳዩን መፍታት አልቻልኩም ብላችሁ ብትዘጉትም ታሪኩ ይቀጥላል፣ ያደረጋችሁት ነገር ወደፊት ይጠብቃችኋል። በ«ፓራዳይዝ ኪለር» ችሎቱን የምትጀምሩት ራሳችሁ ናችሁ፣ ጌሙ በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ሰው መክሰስ ትችላላችሁ፣ የሚወስነው የያዛችሁት ማስረጃ ነው። በ2024 የተጠናቀቀው «ሻዶውስ ኦፍ ዳውት» ደሞ ከተማውን በየጊዜው አዲስ አድርጎ ኮምፒውተሩ ራሱ ይፈጥረዋል፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ቤት፣ ስራ፣ የጣት አሻራ አለው፣ መልሱን ቀድሞ የጻፈ ሰው የለም።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ወረቀት። የምሬን ነው፣ ጌሙ የራሱ ማስታወሻ ቢኖረውም በእጃችሁ ጻፉ፣ ስም፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ። ብዙ ንባብ ስላለው ቋንቋው ሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ የግርጌ ጽሑፉን አብሩት። ስትጣበቁ ወዲያው መልስ አትፈልጉ፣ ዘግታችሁ ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እቃ ስታጥቡ ነው የሚመጣው። የማይመጣ ከሆነ ግን ፍንጭ ማየት ነውር የለውም፣ ያልተዘጋ በር ላይ ሶስት ቀን መቆም ምንም አይጠቅምም። ለጀማሪ እኔ «ኸር ስቶሪ»ን እመርጣለሁ፣ አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ጎረቤትየውን ግን አልጨረስኩም። ምንጣፉን አሳያችሁት፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ዋሽቻለሁ አለ። ግን ገዳይ አይደለም። 3 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ቀርቶ ቤቱም አልነበረም፣ የሟቹ ሚስት ጋ ነበር፣ እሷን ከነገሩ ለማውጣት ነው ያየሁ ያለው። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስሟን የምትጽፉበት ቦታ ክፍት ነው፣ ስር ሁለት በተን አለ፣ አንዱ «መዝግብ» ይላል፣ አንዱ «ተወው»።